ጀልባው ሲሞላ ሳይሆን ሲነጋ ይነሣ

በጣና ሐይቅ ላይ የሚካሄደውን የውኃ ትራንስፖርት የመቆጣጠር ኃላፊነት ለተሰጠው መሥሪያ ቤት፤
ለሞተር ጀልባ ባለንብረቶችና ነጂዎች፤
በባሕር ዳር፣ በዘጌና በደቅ መካከል ለምንመላለስ ተሳፋሪዎች ሁሉ።

ጉዳዩ፦ የሞተር ጀልባዎች የመነሻ ሰዓት እንዲወሰን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በደቅ ደሴት ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ለደመወዝ፣ ለስብሰባ፣ ለጠመኔና ለመጻሕፍት፣ ለሕክምና፣ ለለቅሶና ለሠርግ ወደ ባሕር ዳር ስመላለስ በሐይቁ ላይ ያሳለፍኩት ጊዜ ቢደመር ወራት ይወጣዋል። የምጽፈው እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ተሳፋሪ ነው፤ የማነሣውም ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። የሞተር ጀልባዎቻችን የሚነሡት ሰው ሲሞላ ነው። እኔ ደግሞ መነሣት ያለባቸው ሲነጋ ነው እላለሁ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ስለሚዘጋባቸው ቀናት በዚህ ደብዳቤ አላነሣም፤ የምናገረው መንገዱ ክፍት ስለሆነበት፣ ጀልባውም ነጂውም ተሳፋሪውም ዳር ላይ ተገኝተው ሳለ ጀልባው ስለማይነሣበት ቀን ነው።

ልማዱ ከመናኸሪያ የመጣ ይመስለኛል። ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ወይም ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቢቆም ተሳፋሪው አንድና ሁለት ሰዓት ያጣል፤ ከዚያ ያለፈ የሚያጣው ነገር የለም፤ አስፋልቱ በጧትም በቀትርም ያው አስፋልት ነውና። ሐይቅ ግን እንዲህ አይደለም። ከጧቱ አንድ ሰዓት የምንሻገረውና ከቀኑ ስምንት ሰዓት የምንሻገረው ጣና ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ሌላ ነው። የመናኸሪያውን ደንብ እንዳለ አንሥቶ ውኃ ላይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ያስቀመጠው ሰው ከሰዓት በኋላ ተሻግሮ እንደማያውቅ ግን እገምታለሁ።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ከ1,780 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ እንግዳ ጥልቀቱም የዚያኑ ያህል ይመስለዋል፤ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱም የተቀራረበ ስለሚሆን፣ ጀልባዋ ከአንዱ ወርዳ ሳትደላደል ሌላው አፍንጫዋን ይመታታል። ነፋሱም ቢሆን እንደ ፈለገ የሚመጣ አይደለም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይሮጣል፤ ሌሊት ደግሞ ይህ ይገለበጣል። በዚህ የተነሣ በአብዛኛው ቀን እስከ ጧቱ አራት ሰዓት ድረስ ሐይቁ ረግቶ ይቆያል፤ ከአምስትና ከስድስት ሰዓት በኋላ መሸበር ይጀምራል፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ነጭ አረፋ ለብሶ ይታያል። በክረምት መግቢያ ላይ ዝናብ ይዞ የሚመጣው ድንገተኛ ወጀብም የሚበዛው ከቀትር በኋላ ነው።

ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገም። ታንኳቸውን ከደንገል አስረው የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችና ከእነርሱ ያዩ የዘጌና የደቅ ሰዎች እንጨትም ይጫኑ ዓሣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ነፋሱ ሳይመጣ ዳር ይይዛሉ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ስለ ሞተር ጀልባ ምን እንደሚያስቡ ብጠይቃቸው፣ “ሞተር ጥሩ ነው፤ ሰውን ግን አርፋጅ አደረገው” አሉኝ። ሞተሩ የሰጠንን ፍጥነት ተማምነን በታንኳ ዘመን ማንም ባልደፈረው ሰዓት እየተነሣን ነውና፣ ከዚህ የበለጠ እውነት ስለ ጉዳዩ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

በጊዜ የተነሣ ጀልባ ላይ መቀመጥ ምን ያህል ደስ እንደሚል ለማያውቀው ልናገር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር ስንወጣ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የተባሉት ደሴቶች ተደፍተው እንደተቀመጡ ሁለት አገልግሎች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ከማዶ የዘጌ ቡና ደን ጠቁሮ ይታያል። ጠንቃቃ ነጂ ታንኳ ሲያገኝ የሞተሩ ማዕበል ቀዛፊውን እንዳያናውጠው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀዛፊውም መቅዘፊያውን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል። የዘጌን ጫፍ ካለፍን በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰማይና ውኃ ብቻ ነው፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ያንቀላፋል፤ አንዱ ቆሎ ያዞራል። ከዚያ ደቅ ዝቅ ብላ፣ ከጎኗም ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጥጣ ትታያለች። ከባሕር ዳር ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ በሚፈጀው በዚህ ጉዞ ላይ እርማት የሚቀረው ደብተር ይዤ ገብቼ ጨርሼ የወረድኩበት ቀን ብዙ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ስታሠራ ድንጋዩና ኖራው በምን ዓይነት ውኃ ላይ እንደተሻገረ የማስበው በእንዲህ ያለ ጧት ነው፤ ከቀትር በኋላ የተጫነ እንዳልነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ሌላው ሰዓት ልመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ባሕር ዳር ላይ አስባዝቼ በሁለት ካርቶን አሽጌ፣ ካርቶኖቹንም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ዳር ደረስኩ። “አሁን እንነሣለን” ተባልን። ሰባት ነበርን። ሁለት ሰዓት ላይ አሥር ሆንን፤ ከእኛ ቀድመው የመጡት ሁለቱ ግን ሻይ ሊጠጡ ሄደው ነበር። እነርሱ ሲመለሱ ሌሎች ሄዱ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለቤት ሥራ የሚሆን አሥር ኩንታል ሲሚንቶ በጋሪ መጣ፤ እሱ ከፊት ተጭኖ ሲያልቅ ቆርቆሮ መጣ። በመጨረሻ የተነሣነው ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በዚያን ሰዓት ዳር ላይ ያለው ውኃ እንኳ ድንጋዩን መምታት ጀምሮ ነበር።

የዘጌን ጫፍ እንዳለፍን ማዕበሉ ከጎን ያገኘን ጀመር። ጀልባዋ ከብዳ ስለነበር የጎኗ ከንፈር ከውኃው በላይ የቀረው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ በየጊዜውም አንዳንድ ማዕበል ከንፈሯን እየላሰ ይገባ ነበር። መንገዱን ከግማሽ በላይ እንደሄድን ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ የሚመጣውን ዝምታ የማያውቅ ሰው የሐይቁን ድምፅ አያውቅም፤ እስከዚያ ድረስ ሞተሩ ሸፍኖት የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል። የምትገፋበት ኃይል ያጣችው ጀልባም ዞራ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። ሁላችንም “ካፒቴን” የምንለው ወጣት የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታ፤ በዘይት ርሶ ጥቁር ብሏል። ቤንዚኑ በየፕላስቲኩ ከየሰዉ የተገዛ፣ ዘይቱም በዓይን ልኬታ የተቀላቀለ ነበር። ካንዴላውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መለሰና ገመዱን ይስብ ጀመር። እኛ በተቆረጠ ጀሪካንና በፕላስቲክ ጆግ ውኃ እንቀዳለን። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት የነፍስ አድን ጃኬት ጠየቀች። አራት ነበሩ፤ አራቱም ከሲሚንቶው ሥር ነበሩ።

ከመካከላችን አንድ አባት ዳዊት ይደግሙ ነበር። ድንገት አቋርጠው፣ “ሲሚንቶውን ጣሉት፤ ዳዊቱን እኔ እደግማለሁ” አሉ። የሲሚንቶው ባለቤት ለቤቱ መሠረት ብሎ ሁለት ዓመት ያጠራቀመ ሰው ነው፤ አንዱን ከረጢት አቅፎ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ራሱ ገፍቶ ጣለው። ስድስቱን ከጣልን በኋላ ጀልባዋ ቀና አለች። ካፒቴኑ ከኪሱ ሌላ ካንዴላ አውጥቶ ከቀየረ በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ደቅ የደረስነው ግን ሊጨልም ሲል ነው። ማንም አልሞተም፤ ስለዚህም የትም አልተመዘገበም። የታችኛው ካርቶን ርሶ ስለነበር የሰባተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ወጥረን እንደ ቋንጣ ሰቅለን አደረቅነው፤ ልጆቹም ሰኞ ሊፈተኑ የነበረውን ረቡዕ ተፈተኑ።

ይህን የተረክሁት ወጣቱን ለመክሰስ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እሱ ያደረገውን ያህል ማንም አያደርግም ነበር። ካንዴላ በማንኛውም ሰዓት ይበላሻል፤ ሞተር በጧትም ይጠፋል። በጧት ሲጠፋ ግን ጀልባዋ ባለችበት ተንሳፋ ትቆማለች፣ ነጂው ሳይጣደፍ ይጠግናል፣ ተሳፋሪውም ይቀልዳል፤ እንዲህ ያለ ጧትም አይቻለሁ። በሐይቁ መሐል ሣር ተጠምጥሞ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት ውኃ መሳብ ስላቃተው ሃያ ደቂቃ ቆመን፣ ነጂው ሣሩን በቢላዋ ቆርጦ ሲጨርስ ቀጭኗ የውኃ መስመር ከሞተሩ ጀርባ መፍሰሷን አሳይቶን ጉዞአችንን ቀጥለናል። ያው ብልሽት በሁለት የተለያየ ሰዓት ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል።

“በጧት መነሣት አይቻልም” የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላስታውስ። ገዳማቱን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶችን የሚያመላልሱት ጀልባዎች በጧት አንድ ሰዓትና ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ ሦስት ሰው ብቻ ቢሆንም ይነሣሉ፤ ጃኬቱንም ከመነሣታቸው በፊት ያስለብሳሉ። አንዳንዶቹ ነጂዎች ቅዳሜና እሑድ እንግዳ፣ በሌላው ቀን እኛን የሚጭኑት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዕውቀቱ አለ፣ ጃኬቱ አለ፣ ሰዓቱም ይታወቃል። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ስትመጣ ሕዝቡ በየመንገዱ እየወጣ ሲቀበላት እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ፤ ይሁን እንጂ የመርከቧ መምጣት ዳር ላይ በድንጋይ ታስራ የምትጠብቀውን ትንሿን ጀልባ እንዳያስረሳን እሰጋለሁ፤ በየደሴቱ መውረጃ እየገባች በሽተኛውንም ፍየሉንም የምታወጣው እሷ ናትና።

የባለንብረቶቹንም ወገን ማየት ተገቢ ነው። ደቅ ደርሶ ለመመለስ የሚቃጠለው ቤንዚን ሰባት ሰውም ቢሳፈር አሥራ አምስት ያን ያህል አይለያይም፤ በሰባት ሰው የተነሣ ባለንብረት ከኪሱ ሊጨምር ይችላል። ቤንዚኑን ማግኘቱ ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። መኪና ማደያው ድረስ ሄዶ ይሰለፋል፤ ጀልባ ግን ወደ ማደያ አይሄድም። ነጂው ጀሪካን ይዞ ሲሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤው ሲዘገይ ከጥቁር ገበያ ይገዛል፤ ከዚያ የተገዛው ቤንዚን ምን ምን እንደተቀላቀለበት የሚታወቀው ሐይቁ መሐል ነው። ባለንብረቱ ሰው እስኪሞላ የሚጠብቀው ከስስት ብቻ እንዳልሆነ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ይረዳዋል።

መፍትሔውም በዚሁ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ያለ ይመስለኛል። የነዳጅ የድጋፍ ደብዳቤ ከመነሻ ሰዓት ጋር ይያያዝ። ዳር ላይ አንድ መዝገብና አንድ ጸሐፊ ይቀመጥ፤ በተወሰነው ሰዓት የተነሣ ጀልባ ይፈረምለት፤ የተፈረመለት ለሚቀጥለው ጉዞ የሚበቃውን ቤንዚን በመንግሥት ዋጋ ያለ ውጣ ውረድ ያግኝ። በሕጋዊው ዋጋና በጥቁር ገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የጎደለውን ሰው ኪሳራ ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ፤ የማይሸፍን ሆኖ ከተገኘም የጧቱ ጀልባ ታሪፍ ጥቂት ከፍ ቢል ከሚከፍሉት የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ። ለሰዓቱም ቢሆን ብዙ ጥናት አያሻም፤ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ የሚሄደው ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት፣ ወደ ዘጌ የሚሄደው ከሁለት ሰዓት ባያልፍ ይበቃል፤ ከደቅ የሚነሣውም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ የሚጠይቅ በሽተኛ ወይም ወላድ ካለች ነጂው ከነፋሱ ጋር ተማክሮ ይወስን፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ለነገ ይደር።

መዘግየት የሚያስከትለው ሌላም ጣጣ አለ፤ እሱም ጨልሞ መድረስ ነው። የጣና ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በጥቅምት ጀልባ የሚቀመጥበት መውረጃ በግንቦት ደረቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ጀልባዋ ከሩቅ ቆማ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ፣ አዛውንቶች በሰው ጀርባ ታዝለው ይወርዳሉ። ከውኃው በታች አንድ ክንድ ላይ ተደብቀው የቀሩትን ድንጋዮች ነጂው የሚያውቃቸው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም የሚወሰን ሆኗል፤ በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ጎድሎ መርከቦች ለወራት የቆሙበትን ጊዜ የደቅ ሽማግሌዎች እስካሁን ያነሡታል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም ታወቀ። ጥፋቱ የበረታው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ቢሆንም ነፋስ ቆርሶ የሚያመጣው ብጥስጣሽ የትም ይደርሳል፤ በቀን ነጂው ዞሮት ያልፋል፣ በጨለማ ግን ሞተሩ ሲጠመጠምበት ነው የሚያውቀው።

እኛ ተሳፋሪዎችም ከነቀፋ ነፃ አይደለንም። ጀልባው “አይነሣም” ብለን እናረፍዳለን፤ እኛ ስለምናረፍድ ጀልባው አይነሣም። ትርፍ ሰው ሲጫን የምንቆጣው እስክንሳፈር ድረስ ነው፤ ከተሳፈርን በኋላ ደግሞ ዳር ለቀረው ዘመዳችን “ጠጋ ጠጋ በሉ” የምንል እኛው ነን። በንግሥ ቀን ወደ ዳጋ የሚሄደውን ጀልባ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። በነገራችን ላይ ዳጋ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም በመሆኑ ወንዶቹ ከተራራው እስኪወርዱ እናቶቻችን ዳር ላይ ይቆያሉ፤ የሐይቁን መለወጥ ከሁሉ ቀድመው የሚያዩትም እነርሱ ናቸው። “ኧረ ውረዱ፣ ውኃው ተነሣ!” ብለው ሲጣሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነው። በየጀልባው ጎን ላይ ውኃው ሊያልፈው የማይገባው ቀይ መስመር ቢቀባ የእነርሱን ጩኸት ያግዛል፤ ቀይ መስመር ማንም ማንበብ ይችላልና፣ ሲሚንቶ ጫኙም፣ ነጂውም፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬም። ጃኬቶቹ ደግሞ ከዕቃ ሥር ሳይሆን ከተሳፋሪው ራስ በላይ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ ይንጠልጠሉ። ይህኛው ትእዛዝ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጪው ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ክልል አቀፍ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ወረቀቱ የሚመጣው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ውኃው የሚጎድልበትና ወጀቡ የሚጀምርበት ወር ነው። ከዚያ በፊት የመነሻ ሰዓቱ ለአንድ ወር እንኳ ቢሞከር ብላችሁ ብትወስኑ፣ ዳር ላይ ለሚቀመጠው መዝገብ ደብተሩን አሰምሬ የማቀርበው እኔ ነኝ፤ በየሳምንቱ ሰኞም ከደቅ ወደብ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተገኝቼ ማን እንደተነሣ ማን እንደቀረ እጽፋለሁ። መልሳችሁን በትምህርት ቤታችን በኩል ብትልኩልኝ ይደርሰኛል፤ የምትልኩት ግን በጧቱ ጀልባ እንዲሆን አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የደቅ ደሴት መምህር